ዞሬ ስሄድ ያልጠራኝ የፍራንክፈርት ገበያ

ፍራንክፈርት ደርሶ መመለስ አንድ መቶ ሰባ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ብር አስወጥቶኛል። ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ ኢንሹራንሱ፣ ለእህቴ የጫንኩት በርበሬና ሽሮ፣ እዚያ የገዛሁት ኮተት ሁሉ ተደምሮ ነው። ምናለሽ ተራ ያሉ ጎረቤቶቼ ቁጥሩን ሲሰሙ «በዚህ ብር ስንት ኩንታል ብረት ይገዛ ነበር!» አሉ። እኔም አስቤዋለሁ። አንባቢም ሒሳቡን ከመጀመሪያው በልቡ ይያዝልኝ ብዬ ነው እዚህ ላይ ያስቀመጥኩት።

የሄድኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ታናሽ እህቴ ብርቱካን ናት። እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ወረቀቷ ሲስተካከልላት «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ መጥተህ ኑሮዬን እየው» ብላ ጥሪ ላከችልኝ። ሁለተኛው ከመዳፍ የማትበልጥ የተሰበረች ብረት ናት።

ብረቷ የጋሽ ወንድሙ ናት። ጋሽ ወንድሙ አሮጌ ብረት በኪሎ ከምነግድበት ሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። እኔ መርካቶ በገባሁ ሰሞን ዕቃዬን የማስቀምጠው እሳቸው ወንበር ሥር ነበር። የሚሰፉበት መኪና በእጅ የሚዞር፣ ክንዱ እንደ ግመል አንገት የተዘረጋ፣ ጥቁር የጀርመን ሥራ ነው። የውስጥ ማርሹ ጥርሱ ረገፈና መኪናው ቆመ። መርካቶን አዳረስን፤ የለም። ቶርኖ ቤት አስቀርፀን ገጠምን፤ ሳምንት ሳይሞላት ተበላች። ጫማ በእጅ መስፋት ደግሞ የእሳቸው ዓይን አይችልም።

ልሄድ ስል ማርሿን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ሽፌ፣ የዚህች እኅት ያለችው የተወለደችበት አገር ነው። ባዶ እጅህን ከመጣህ መኪናውን መዝነህ በኪሎ ውሰደው። እኔም ደብረ ብርሃን ልጄ ዘንድ ገብቼ ቁጭ እላለሁ።»

እየሳቁ ነው ያሉት። ሲናገሩ ግን የሚያዩት መኪናውን እንጂ እኔን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር በኪሎው ክፉ ዋጋ አልነበረም፤ ብረቱ ጥሩ ብረት ነው። ይህንንም አስቤዋለሁ። ነጋዴ ነኝ።

ሐሙስ

ቦሌ ላይ ፈታሿ ልጅ ኪሴን አስወጣችኝና ጋዜጣውን ፈታች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማርሽ ነው፣ የጫማ መኪና።»

«ተሰብሯል እኮ።»

«አዎ።»

«የተሰበረ ዕቃ ይዘው ጀርመን ይሄዳሉ?»

«ደህናውንማ ይዤ ብሄድ ምን አደርግበታለሁ?»

ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት፤ ሁለቱም ስቀው ለቀቁኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ እራት ይሁን ቁርስ ያልለየለት ምግብ ሁለት ጊዜ አቀረቡልን። ትንንሾቹን ቅቤዎች አልበላኋቸውም፤ ኪሴ ከተትኳቸው። በኋላ ቀለጡ። የጉዞው የመጀመሪያ ኪሳራ ይኼ ነው።

ዓርብ

ብርቱካን ጣቢያው ላይ ጠበቀችኝ። ወፍራለች፤ ደስ አለኝ፣ ግን አልነገርኳትም። እዚያ አገር ወፈርሽ ማለት ምስጋና አይደለም ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ባቡር ላይ ለሁለታችንም ትኬት ቆረጠች። ገባን፣ ተቀመጥን፣ ወረድን፤ ትኬት የጠየቀን የለም።

«ታዲያ ለምን ከፈልሽ?»

«ጋሼ፣ ቀስ በል። አንዳንዴ ይመጣሉ።»

«እነሱ አንዳንዴ ከመጡ እኛስ አንዳንዴ ብንከፍል?»

አንገቷን ደፋች። አማርኛ የሚሰማ ሰው አጠገባችን መኖሩን ያወቅሁት አንዲት ወጣት በስካርፏ አፏን ሸፍና ስትስቅ ሳይ ነው።

ቤቷ ቦርንሃይም የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፤ በርበሬውን ተሸክሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ዳቦ ቤት ይበዛበታል፤ በየበሩ ትኩስ ዳቦ ይሸትታል፣ ሰዉም እንደኛ ሰው ዳቦውን በብብቱ ይዞ ይሄዳል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዳቦው አልነበረም። ከቤቷ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ሁለት ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ፍራሽ፣ ደህና የእንጨት ቁም ሣጥን ተከምሯል። ጠባቂ የለውም።

«ማን ቤት ሊገባ ነው?»

«ማንም አይገባም። ሽፔርሙል ነው፤ የማይፈልጉትን ያወጡታል፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«የት?»

«ሊጣል።»

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት፤ ማጠፊያው ናስ ነው። ምናለሽ ተራ ሰው ለዚህ ማጠፊያ ግማሽ ቀን ይዞራል። ብርቱካን እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

«ጋሼ ሙት! አታንሳው! ጎረቤቶቼ ያያሉ!»

«ይዩና! የጣሉት እነሱ፣ የማፍረው እኔ?»

ማጠፊያውን ትቼው ገባሁ። እራት ላይ ዶሮውን አስቀምጣልኝ ስታጎርሰኝ እንኳ ልቤ ታች ነበር። በምትሠራበት ቤት ስላሉት ሽማግሌዎች አወራችኝ፤ አንደኛው በየቀኑ አዲስ መሆኗን እየጠየቃት ራሱን ያስተዋውቃታል። «እኔም በየቀኑ ደስ ብሎኛል እለዋለሁ» አለች። ያቺ አልቃሻ ልጅ እንደዚህ ያለ ትዕግሥት ከየት እንዳመጣች እንጃ።

የፈለግሁትን ስነግራት «እንደሱ ያለ ዕቃ ፍሎማርክት ነው የሚገኘው» አለችኝ። የቁንጫ ገበያ ማለት ነው አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በወንዙ ዳር የሚቆም የቆየ ገበያ ነው። ስሙን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። እሷ ግን ፍሩሺሽት አለባት፤ የማለዳ ተራ። ስለዚህ ከጋሽ መስፍን ጋር ቴርሚን ያዘችልኝ። ቴርሚን ቀጠሮ ነው። ገበያ በቀጠሮ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ

ጋሽ መስፍን በተማሪነት መጥተው እዚያው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ጻይልስሃይም ከሚባል የከተማው ዳር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር መጥተው ደወሉን የደወሉት ልክ በተባለው ደቂቃ ነው። እኔ ገና ካልሲ እፈልጋለሁ።

«ልጄ፣ ተዘጋጅተሃል?»

«አንቱ ቶሎ መጡ እኮ።»

«ቶሎ አልመጣሁም። በሰዓቱ ነው የመጣሁት።»

ወንዙ ዳር ሙዚየሞች ወደተደረደሩበት ሻውማይንካይ ወሰዱኝ። ደረስን። የሚሮጡ ሰዎች አሉ፤ ዝይዎች አሉ፤ ገበያ የለም። ጋሽ መስፍን ግራና ቀኝ አዩ።

«እኔ ስማር ሁልጊዜ እዚህ ነበር።»

ውሻ የሚያናፍስ ሰው ጠየቁ። ገበያው አንድ ቅዳሜ እዚህ፣ አንድ ቅዳሜ ምሥራቁ ወደብ ዘንድ ነው፤ የዛሬው እዚያ ነው አላቸው። የእኔ ቀን አንድ ናት፤ ሰኞ በረራ አለኝ፤ ገበያው ደግሞ ከሰዓት ላይ ይበተናል። ጋሽ መስፍን እንዳላዝን ብለው ይሆናል፣ ዓይናቸውን ቡናማ ኩል የተኳሉ የመሰሉትን ዝይዎች አሳዩኝ።

«እነዚህን የዓባይ ዝይ ይሏቸዋል። የእኛ አገር ወፎች ናቸው፤ መጥተው ተራብተው ቀሩ።»

«ወረቀት አላቸው?»

«እነሱን የጠየቀ የለም» አሉና ከልባቸው ሳቁ። ከዚያች ሳቅ በኋላ ተግባባን።

ትራም ይዘን ወደቡ ዘንድ ደረስን። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! እግሬ ያለ አስተርጓሚ አወቀው። በሙዝ ካርቶን የታጨቀ ማንኪያ፣ ብርድ ልብስ ላይ የተዘረጋ ቁልፍ፣ አንድ ዓይኗ የወጣ አሻንጉሊት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ አልበም፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን! የምናለሽ ተራ ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነቱ ማንም አይጮህም። ሻጩ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል፤ ፈልገህ ከመጣህ መጣህ፣ ካልመጣህ ቡናው አለ። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ጋሽ መስፍን ከኋላዬ መድረስ አቃታቸው።

እጄን ያሟሸሁት የነሐስ የበር እጀታ በሚሸጥ አንድ ሰውዬ ላይ ነው። በጣት ተነጋገርን። ጠራ፣ ሳቅሁበት፤ ደረቱን መታ፣ እኔም ደረቴን መታሁ፤ ዞሬ ሄድኩ፣ «ኮም! ኮም!» ብሎ ጠራኝ። ሻንጣዬ የሚችለውን ያህል ገዛሁ። «ሰውየው ከአናቶሊያ ነው» አሉኝ ጋሽ መስፍን። እኔ ግን ፍራንክፈርትን ያወቅኋት መሰለኝ። ያጠፋኝም ይኸው ነው።

ከዚያ አየሁት። ከአንዲት ባለ ነጭ ፀጉር አሮጊት ፊት፣ እንጨት ላይ የተቀመጠ፣ የግመል አንገት፣ የጎን መዘውር። የጋሽ ወንድሙ መኪና መንትያ! ዓይኔን ወዲያው መለስኩ። እኛ ዘንድ የምትፈልገውን ዕቃ ካየኸው ዋጋው ያይሃል።

«ጋሽ መስፍን፣ ያንን ቡና መፍጫ ስንት ነው ይበሏቸው።»

«ቡና መፍጫ ልትገዛ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን እጠይቃለሁ?»

ጀርመን አገር ያረጀ ሰው ለአስተርጓሚነት አይሆንም። እንደምንም የመፍጫውን ዋጋ ጠየቁልኝ፤ ከዚያ እንደ ቀልድ የመኪናውን። ሰማንያ ዩሮ።

«ዝጓል፣ ሞቷል፣ ማንም አይወስደውም፣ ሃያ አምስት ይበሏቸው።»

ጋሽ መስፍን ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሏቸው?»

«ያማረ መኪና ነው፣ ግን ትንሽ ዝገት ይታይበታል አልኩ።»

«ያማረ ነው አሉ? ጋሼ፣ የሚሠሩት ለማን ነው?»

አሮጊቷ እኔን አዩኝ። መኪናውን አዩት። ሰማንያ አሉ። ሠላሳ አልኩ። ሰማንያ። የጨመርኩትን ያህል እንኳ አልቀነሱም። እንግዲህ አንድ መላ ቀረኝ፤ አባቶቻችን ያቆዩልን፣ ከሽቶ ተራ እስከ ቆርቆሮ ተራ ሁሉም የሚያውቀው። እጄን አራገፍኩና ዞሬ ሄድኩ።

ይህ አካሄድ ሙያ ነው። ከፈጠንክ የተናደድክ ትመስላለህ፤ ከዘገየህ ያታለልክ። የሚራመደው እግር ነው፤ የሚሠራው ጆሮ ነው። መርካቶ ቢሆን ገና ሦስተኛው መደብ ሳልደርስ «ና እንጂ! ምን ያኮርፍሃል? ስንት ልትጨምር ነው?» ይመጣ ነበር። ጆሮዬን ወደ ኋላ ቀስሬ ሄድኩ። ዝም። የማንም ያልሆነ ማንኪያ አንስቼ አገላበጥኩ። ዝም።

«አልጠሩንም?» አልኩ ሳልዞር።

«እነማን?»

«ሴትዮዋ ናቸዋ!»

«ለምን ይጠሩናል? አንገዛም ብለን ሄድን እኮ።»

«እንዲጠሩን ነው እንጂ የሄድነው!»

ጋሽ መስፍን ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሽፈራው፣ እዚህ አገር የሄደ ሰው ሄዷል ማለት ነው።»

ዞርኩ። አንድ ጢሙን ያሳመረ ጎልማሳ ብሩን ከፍሎ መኪናውን ከፊቱ ሣጥን ባለው ብስክሌት ላይ ይጭናል።

በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። የበር እጀታው ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ቃጭል እየተንኳኳ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብስክሌቱ ፊት ቆምኩና ጋዜጣውን ፈትቼ ማርሿን በመዳፌ ዘረጋሁ። በአማርኛ አስረዳሁት፤ ሰውዬው ወደኋላ አለ። ጋሽ መስፍን እያለከለኩ ደረሱ።

«አሁንስ ምን ልበል? ዝጓል ልበል?»

«እውነቱን ይበሉ።»

አሉ። የጋሽ ወንድሙን ዓይን፣ ቶርኖ ቤቱን፣ ደብረ ብርሃንን ሁሉ አሉ። ጢማሙ ራሱን ነቀነቀ፤ አዝኗል፣ ግን አይሸጥም። ኦይሮፓፊርቴል በሚባለው አዲስ ሰፈር ቡና ቤት ሊከፍት ነው፤ መኪናው ለመስኮት ጌጥ ነው። ለእኔ ደግሞ የብረት ሚዛኔ ፊቴ ድቅን አለ። ጋሽ ወንድሙ ራሳቸው አንሥተው ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት ታየኝ። ያን ጊዜ ነው በኪሎው ዋጋ የሚገኘውን ትርፍ እንደማልፈልገው የገባኝ።

አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። በልቤ እትዬ ያልኳቸው ከዚያ ጀምሮ ነው። ማርሿን ከእጄ ወስደው የረገፈውን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ኮስተር ብለው ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«ተቆጥተዋል። መኪናው የሟች ባላቸው ነው። ጫማ ሰፊ ነበሩ። ‹የሚሠራበት ሰው ቢመጣ እንኳን በሃያ አምስት፣ በነፃ እሰጠው ነበር። ይሄ ሰው ግን መጥቶ እንደ ገማ ሥጋ ፊቱን አጨማደደበት። ለምን አልነገረኝም?› ነው የሚሉት።»

«እኛ አገር የቸገረህን ከተናገርክ ዋጋ ይጨመርብሃል ይበሏቸው።»

ነገሯቸው። እትዬ አሰቡና መለሱ፤ ጋሽ መስፍን ሲተረጉሙልኝ ፈገግ ብለው ነበር። «‹ታዲያ ጓደኛሞች እንዴት ትሆናላችሁ?› ይላሉ።»

መልሱን አሁንም እየፈለግሁ ነው።

ከዚያ ወደ ጢማሙ ዞሩና በጣታቸው የመኪናውን ሆድ መቱ። ማርሿ ያለችው ከውስጥ ነው፤ ከመስኮት የሚያይ አያያትም፤ ደህናዋን አውጥታችሁ የተሰበረችውን ብትከቱስ? አሉ። ጢማሙ አንዴ እኔን፣ አንዴ መኪናውን አየና ሳቀ። ብስክሌቱን አስደገፈ።

ክዳኑን ለመፍታት ቡለኑ እምቢ አለ። እትዬ ከካርቶናቸው ሥር የባላቸውን የዕቃ ሣጥን አወጡ፤ እጀታው በእጅ ላብ የጠቆረ ካቻቢቴ፣ ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ። ዘይት አጠጣነው፣ ጠበቅን። ዙሪያችን ገበያው እየተበተነ ነው፤ ጎረቤት ሻጮች ካርቶናቸውን መጫን ትተው ከበቡን። አንዱ ሐሳብ ይሰጣል፣ ሌላው ይቃወመዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርመኖች ሲጯጯሁ ሰማሁ። ጢማሙ መኪናውን ያዘ፣ እኔ ተንበርክኬ ጠመዘዝኩ፣ ጋሽ መስፍን «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» አሉ፤ ምህንድስናቸው ተመለሰች። ክርር አለ። ተፈታ።

ሁለቱን ማርሾች ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ጥርስ ለጥርስ ገጠሙ። እኔ እልል አልልም፤ ግን ለምን እንደሚባል ገባኝ።

ለጢማሙ አሥር ዩሮ ሰጠሁት። አልቀበልም አለ። ሃያ አደረግሁት። እምቢ አለ። ዕድሜዬን በሙሉ ዋጋ ለማውረድ ተከራክሬአለሁ፤ ለመክፈል ስከራከር ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ተሸነፍኩም። ከእትዬ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቅል የጫማ መስፊያ መርፌ አየሁ። እንደ ወትሮዬ ዓይኔን አልመለስኩም። ጠቆምኩና «ይኼን እፈልጋለሁ፣ ለጋሽ ወንድሙ» አልኩ። ሦስት ዩሮ አሉ። ሦስት ዩሮ አወጣሁ። አንዱን መለሱልኝ።

እሁድ

ብርቱካን ዘመድ ወዳጅ ጠራች፤ ታሪኩን ጋሽ መስፍን እየደጋገሙ አወሩት። በተወራ ቁጥር እኔ ይበልጥ እሮጣለሁ፤ የመጨረሻው ላይ ብስክሌቱ ሥር ተኝቼ ነበር። ከምሳ በኋላ ማርሿን ከዝገት ላጸዳ ሞረዴን ሳወጣ ብርቱካን ዘላ እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ እሁድ ነው! ድምፅ አይሰማም! የታችኛዋ ጎረቤቴ ትመጣለች!»

«ቅዳሴ ላይ ናት?»

«ተኝታ ነው!»

ብረት የሚያከብረው ሰንበት መኖሩን አላውቅም ነበር። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ በዝግታ አጸዳኋት። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። «አንተ እኮ ሰው ስትወድ ዕቃ ታስተካክልለታለህ» አለችኝ። የኩሽናዋን ቁም ሣጥን ማጠፊያ ማስተካከሌን ያወቀች አልመሰለኝም ነበር።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። ትኬቴን ራሴ ቆረጥኩ። ያን ቀን ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ብርቱካን ‹አላልኩህም?› የሚል ፊት አሳየችኝ።

ማክሰኞ በማለዳ መርካቶ ገባሁ። ጋሽ ወንድሙ ከቆመው መኪና አጠገብ ተቀምጠው ጫማ ይጠርጋሉ፤ መጥረግ ዓይን አይጠይቅም። ጋዜጣውን ከነመርፌው ሰጠኋቸው። ፈቱት። ክዳኑን ከፍተው ገጠሙ፤ መዘውሩን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት አዞሩ። ድምፁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት እንኳ መዶሻቸውን አቆሙ።

«ስንት ገዛሃት?»

«በነፃ ሰጡኝ።»

«ውሸት። ነጋዴ በነፃ ያገኘውን አያወራም።»

«እውነቴን ነው ጋሼ። የቸገረኝን ነገርኳቸው፣ ሰጡኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን ይኼን መርካቶ ውስጥ ለማን ትነግረዋለህ?» አሉና «ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። በአዲሱ መርፌ የጫማዬን ጎን ሰፉልኝ። የስፌቱን ሁለት መቶ ብር ሳወጣ ተቆጡኝ።

የበር እጀታዎቹ በአሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ተሸጡ። ጋሽ ወንድሙ ያልተቀበሉት ሁለት መቶ ብርም ገቢ ነው። ቀሪው ኪሳራ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር።